ጥፋቱ የገዢው አይደለም

የአሜሪካ መንገዶች ግንባራቸው እንደ ግድግዳ በቆመ ግዙፍ መኪኖች የተሞሉት ገዢው ስለፈለጋቸው ብቻ ነው ይባላል። ነፋስን እንዲሰነጥቅ ታስቦ በ1934 እ.ኤ.አ. የተሠራው የክራይስለር ኤርፍሎው በገበያ መክሸፉም እንደ ማስረጃ ይጠቀሳል። ማስረጃው ግን ጎደሎ ነው፤ ጠርዙ የለሰለሰው ፎርድ ቶረስ ከ1992 እስከ 1996 በአገሪቱ የቤት መኪና ሽያጭ ቀዳሚ ነበር።

ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር አየር መኪናን ወደኋላ የሚጎትትበት ኃይል አራት እጥፍ፣ ያንን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው የሞተር ጉልበት ደግሞ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ጉተታው የሚወሰነው በቅርጹ ልስላሴ ብቻ ሳይሆን በግንባሩ ስፋትም ነው። ማስታወቂያ የመጀመሪያውን ቁጥር ያወድሳል፤ ሁለተኛውን ይሸሽጋል። የኤሌክትሪክ መኪናም ከዚህ አያመልጥም፤ ግንባሩ በሰፋ ቁጥር ያንኑ ርቀት ለመጓዝ ትልቅና ውድ ባትሪ ይሻል።

ዋናው ጥፋት የሕጉ ነው። የነዳጅ ቁጠባ ደንቡ በአራቱ ጎማዎች መካከል ያለው ስፋት በጨመረ ቁጥር ግዴታውን ያላላል፤ «ቀላል የጭነት መኪና» ተብሎ ለተመደበውም ከቤት መኪና የላላ መስፈርት ያወጣል። በ2025 ኮንግረስ ቅጣቱን ወደ 0 ዶላር አወረደው። እንዲህ ያለ ደንብ ግዝፈትን ይሸልማል እንጂ ቁጠባን አያበረታታም።

መፍትሔው ውስብስብ አይደለም። የቅርጹ ቁጥርና የግንባሩ ስፋት ተባዝተው ውጤቱ በእያንዳንዱ መኪና የዋጋ መግለጫ ላይ ይጻፍ፤ ዓመታዊ የምዝገባ ክፍያም በእርሱ ይመጠን። እስከዚያው ድረስ «ገበያው መረጠ» ማለት ማታለል ነው፤ ሙሉ ዋጋው የተደበቀበት ገዢ መረጠ አይባልም።