ፎቶውን ስትለጥፉ ሂሳቡንም ለጥፉ

ባለፈው ሐምሌ አንድ ቅዳሜ፣ ከሦስት የሐበሻ ጓደኞቼ ጋር ከፍራንክፈርት ተነስተን ሩደስሃይም ወደምትባል የራይን ወንዝ ዳር ከተማ ሄድን። ብዙም ዕቅድ አልነበረንም። አንዷ በምሳ ዕቃ እንጀራና ወጥ ይዛለች፣ እኔ ውሃና ዳቦ። በባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ ተጓዝን፣ ወይን የተተከለበትን ዳገት ወጣን፣ ሣር ላይ ተቀምጠን በላን፣ ሳቅን፣ ማታ ተመለስን። በቃ፣ ይኸው ነው።

እኔ ግን አንድ ፎቶ ለጠፍኩ። ከኋላ ወንዙ፣ ከፊት እኛ አራታችን ስንስቅ።

ያን ቀን ማታ መርሳ ያለው የአክስቴ ልጅ ጻፈልኝ፦ «ወንድም ዓለም፣ አንተማ ኑሮህን እየኖርክ ነው። እኔም ቆርጫለሁ፣ ልወጣ ነው።»

ደነገጥኩ። ሀብሩ ውስጥ «ልወጣ ነው» ማለት ምን ማለት እንደሆነ እንደኔ ወልድያ ያደገ ሰው ያውቀዋል። በአፋር በረሃ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን፣ ከቀናው ደግሞ ሳዑዲ። ካልቀናውስ? ስልክ እስኪደወልላት የምትጠብቅ እናት ናት የምትተርፈው። የእኔ ፎቶ ለዚያ መንገድ ማስታወቂያ ሆነ ማለት ነው።

ኢኮኖሚክስ የተማርኩት ለዚህ ቀን ይመስል ቁጭ ብዬ ሂሳቡን ጻፍኩለት። ለባቡሩ በዚያ ቀን የከፈልኩት የለም፤ በመላ ጀርመን በክልል ባቡርና በከተማ አውቶቡስ የሚያስኬድ የወር ትኬት አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2023 ሲጀመር 49 ዩሮ ነበር፣ በ2025 58 ገባ። ምግቡ ከቤት ነው። ሬስቶራንቶቹን በዓይናችን ብቻ ነው ያለፍናቸው። ከኪሴ የወጣው የአንድ ቡና ዋጋ ነው።

ፎቶው ላይ የሌለውንም ጨመርኩለት። ከሰኞ እስከ ዓርብ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እደረድራለሁ። በ2025 የጀርመን ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 12.82 ዩሮ ነበር፤ የእኔም ከዚያ ብዙ አይርቅም ነበር። ግብር፣ የጤና መድን፣ የቤት ኪራይና ለቤተሰብ የምልከው ሲቀነስ፣ የሚተርፈኝን ራስህ ገምተው አልኩት።

እኔ እንደሚመስለኝ ውጭ ያለን ሰዎች አንዋሽም፤ ግማሹን ነው የምንናገረው። ኢኮኖሚስቶች የመረጃ አለመመጣጠን የሚሉት ነገር አለ፦ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ሳያውቅ ከተገበያዩ የሚከስረው ገዢው ነው። እዚህ ደግሞ ገዢው የሚከፍለው በነፍሱ ነው። ስለዚህ ፎቶ አትለጥፉ አልልም፤ መደሰት ነውር አይደለም። ሂሳቡን ግን ከሥሩ ጻፉበት።

ልጁ ምን አለ መሰላችሁ? ሁሉንም አንብቦ ሲያበቃ፦ «ገባኝ። እኔ ግን የቀናሁት በወንዙ አይደለም፤ ወንዝስ እኛም ጋ አለ። ጠዋት ስትወጡ ማታ እንደምትመለሱ ማወቃችሁ ነው ያስቀናኝ።»

ለዚህ መልስ አጣሁ። ከወልድያ መርሳ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ተማሪ እያለን በስሪንቃ በኩል በሚኒባስ እንሄድና፣ መንገድ ዳር ከሚሸጠው ብርቱካንና ፓፓያ በልተን፣ በዚያው ቀን እንመለስ ነበር። ሽርሽር ነው ብለን እንኳ አልቆጠርነውም፤ አንድም ፎቶ የለኝ። ዛሬ ለዚያችው 30 ኪሎ ሜትር ሰው ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት የሚጠይቀው «መንገዱ ክፍት ነው ወይ?» ብሎ ነው።

የአክስቴ ልጅ እስካሁን መርሳ ነው። እኔም ፎቶውን አላጠፋሁትም፤ ከሥሩ ሂሳቡን ጨመርኩበት። በእኔ እጅ ያለው ይኸው ነው። ግን «አትሂዱ» ብለን የምንመክር ሁሉ፣ ወጥቶ በሰላም የሚገባበት መንገድ ይኑረው ብለን አብረን ካልጠየቅን፣ ምክራችንም ግማሽ ነው።