የሚለወጥ የቆዳ ምልክት ችላ አይባልም

በገላ ላይ ያለውን ጥቁር ነጥብ አገራችን «ማርያም የሳመችው» ትለዋለች፤ ስሙም የፍቅር ስም ነው። ምልክቱ በአብዛኛው ጉዳት የለውም፤ በጕርምስናና በእርግዝና ጊዜ ትንሽ ቢጠቍር ሊያስደነግጥ አይገባም። ነገር ግን ቅርጹ የተዛባ፣ ዳሩ ያልተስተካከለ፣ ቀለሙ የተዘበራረቀ፣ ስፋቱ ከ6 ሚሊ ሜትር ያለፈ፣ ይልቁንም ከወር ወደ ወር የሚለዋወጥ ወይም የሚደማ የሆነ እንደ ሆነ፣ ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ነቀርሳ እንዳይሆን መመርመር አለበት።

ብዙ ሰዎች ይህ በሽታ የነጭ ሰው ብቻ ይመስላቸዋል። በጥቁር ሕዝብ ላይ የሚታየው ጥቂት መሆኑ እውነት ነው፤ ሲመጣ ግን በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር ይደበቃል። ለአርሲ ጐረቤት የሆነችውን ሻሸመኔን በ1971 ዓ.ም. የጐበኘው ዘፋኙ ቦብ ማርሌይ፣ ከዚያ ቀደም ብሎ ይኸው ነቀርሳ በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ተገኝቶበት ነበር። አስቀድሞ የእግር ኳስ ጉዳት መስሎ ነበርና፣ በኋላም ሐኪሞች ጣቱ እንዲቈረጥ ቢመክሩት አልፈቀደም። ግንቦት 3 ቀን 1973 ዓ.ም. በ36 ዓመቱ ዐረፈ።

ይህን ለአሰላና ለበቆጂ ወጣቶች ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። አርሲ ኃይሌ ገብረ ሥላሴንና ደራርቱ ቱሉን ያፈራች የሯጮች አገር ናት። ሯጭም ጥፍሩ ሲጠቍር «ጫማው መትቶኝ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ አብዛኛውን ጊዜም ልክ ነው። መለያው ግን ይህ ነው፦ የረጋ ደም ከጥፍሩ ጋር እያደገ ወደ ፊት ይወጣል። በብዙ ጥፍሮች ላይ የሚታይ ቀጭን መስመርም በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው። በአንድ ጥፍር ላይ ብቻ ወጥቶ እየሰፋ የሚሄድ ወይም ወደ ቆዳው የሚዘልቅ ጥቍረት ግን ሐኪም ይሻል።

በምላጭ መቍረጥ፣ በእሳት መተኰስና ቅጠል መለጠፍ ማስረጃውን ያጠፋል፤ በሽታውን ግን ይተወዋል። ቍርጡ የሚታወቀው ሐኪም ከምልክቱ ወስዶ በአጉሊ መነጽር ሲያስመረምር ነው። በጊዜ ከተገኘ ቀዶ ጥገና ይበቃዋል፤ ከተሠራጨ በኋላ ግን ሕክምናው ከባድ ነው። በአሰላ የማስተማሪያና ሪፈራል ሆስፒታል አለ፤ በቆዳ ሕክምና የታወቀው አለርትም በ175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት አዲስ አበባ ይገኛል።

ስለዚህ ተማሪዎችና ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች በወር አንድ ቀን የራሳቸውንና የወላጆቻቸውን ውስጥ እግር እንዲመለከቱ እናሳስባለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ተብሏልና።