ምርመራው ወደ ሴቶቹ ይሂድ
በአውስትራሊያ የነባሩ ሕዝብ ሴቶች ከሌሎቹ የአገሪቱ ሴቶች ይበልጥ በማኅፀን በር ካንሰር ይሞታሉ። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። በወንድ ሐኪም ፊት መጋለጥ ለብዙዎቹ ነውር ነው፤ በገጠር ላሉትም ክሊኒኩ ሩቅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 አጋማሽ ወዲህ ግን ከ25 እስከ 74 ዓመት ያለች ሴት ሁሉ ናሙናውን በቀጭን የጥጥ እንጨት ራሷ እንድትወስድ ተፈቅዷል። ካንሰሩን የሚያመጣውን ቫይረስ ለማግኘት ይህ ናሙና ሐኪም ከሚወስደው አያንስም፤ ቫይረሱ ካልተገኘባትም የምትመለሰው ከ5 ዓመት በኋላ ነው። መልካም እርምጃ ነው። ይሁንና ማዳበሪያ አድሎ ዘወር ማለት ምርት እንደማያስገኝ ሁሉ፣ እንጨቱን ሰጥቶ መሄድ ብቻውን አያድንም። በቋንቋዋ የምታስረዳት የአካባቢዋ ጤና ሠራተኛ ያስፈልጋታል፤ ቫይረሱ ለተገኘባትም ለቀጣዩ ምርመራ ከተማ የሚያደርሳት መኪናና ማደሪያ አስቀድሞ ሊዘጋጅ ይገባል።