ወፏ ይቺን ለምን ተወቻት?



ክረምቱ ሲወጣ ላምበረት ከቤታችን ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ቢራቢሮ ይበዛል። አንድ ቀን ጠዋት በመብራት ሽቦ ላይ የተቀመጠች ንብ በል ወፍ ተወርውራ አንዲት ነጭ ቢራቢሮ አየር ላይ ቀለበች። ሽቦው ላይ ደጋግማ ከመታቻት በኋላ ዋጠቻት፤ ክንፎቿ ብቻ መሬት ወደቁ። ትንሹ ልጄ ተናዶ ወፏን ሊመታ ድንጋይ አነሳ። በዚህ መካከል አንዲት ብርቱካንማ ቢራቢሮ በዝግታ አለፈች፤ ወፏ ግን ዝም አለቻት። ልጁ ድንጋዩን እንደያዘ «አባዬ፣ ይቺንስ ለምን ተወቻት?» አለኝ።

ብርቱካንማዋ፣ የክንፏ ጫፍ ጥቁር ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ ያለባት፣ በሳይንስ ስሟ ዳናውስ ክሪሲፐስ ትባላለች። አባጨጓሬ ሳለች የምትበላው ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣ ተክል ነው። በብዙዎቹ ተክሎች ወተት ውስጥ ልብን የሚያውክ መርዝ አለ፤ መርዙም በሰውነቷ ሊከማች ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሊንከን ብራወር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ሞናርክ የምትባለውን የእርሷን ዘመድ ለወፎች ቢያበላ አስመለሳቸው። ከዚያ ወዲያ ገና መልኳን ሲያዩ እምቢ አሉ።

ሂፖሊምናስ ሚሲፐስ የምትባል ሌላ ቢራቢሮም በሀገራችን አለች። መርዝ የላትም፤ ሴቷ ግን ቁርጥ ብርቱካንማዋን ትመስላለች። ወፍ በአንዷ የተማረችውን ፍርሃት ለሌላዋም ታውለዋለች። ይህን መሰሉን ነገር በአማዞን ደን 11 ዓመት የቆየው እንግሊዛዊ ሄንሪ ቤትስ እ.ኤ.አ. በ1862 አስረድቷል።

ይሁንና መመሳሰሉ የሚጠቅመው መርዘኛዋ በአካባቢው በብዛት እስካለች ድረስ ነው። ባለወተቱ አረም ተመንጥሮ ካለቀ እርሷም ትጠፋለች፤ ወፎች የሚማሩባት ሲያጡ ምስኪኗ አስመሳይም ጋሻዋን ታጣለች።

ይህን ስነግረው ልጄ ድንጋዩን ጣለ። ወፏ የዕለት ምግቧን ፈለገች እንጂ አልበደለችም።

እናም ወላጆች፣ ግቢ ስናጸዳ ከአጥር ሥር ጥቂት አረም ብንተው ምን ይጎዳናል? ልጆችም ወተቱ ዓይን ስለሚጎዳ በእጃችሁ አትንኩት፤ ራቅ ብላችሁ ተመልከቱ። ክንፏ በወፍ አፍ ልክ የተቆረጠ ቢራቢሮ ካያችሁ፣ አምልጣ ሊሆን ይችላልና ለወላጆቻችሁ አሳዩ።

በሚቀጥለው ወር በሰላም ያገናኘን።