«ሽንቱን ይናገራል?»

በአገራችን የአንድ ሕፃን ዕድገት ከሚለካባቸው ጥያቄዎች አንዱ «ሽንቱን ይናገራል?» የሚለው ነው። ጎረቤት ትጠይቃለች፤ አክስት ትጠይቃለች፤ ልጁን ለማስመዝገብ የሚሄድ ወላጅም በብዙ መዋዕለ ሕፃናት በር ላይ ይህንኑ ይጠየቃል። መልሱ «አዎን» ከሆነ ልጁ ይመዘገባል፤ «ገና ነው» ከሆነ ደግሞ «እንግዲያው ሲናገር አምጡት» ይባላል። አብዛኞቹ ሕፃናት በሦስትና በአራት ዓመት ዕድሜያቸው ቀኑን ሳያረጥቡ መዋል ስለሚችሉ ጥያቄው ለብዙው ቤተሰብ የጥቂት ወራት ጉዳይ ነው። ኦቲዝም ላለበት ልጅ ወላጆች ግን የዓመታት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ልጁ ስድስት ወይም ስምንት ዓመት ሞልቶት ከዳይፐር ሳይላቀቅ ሊቆይ፣ ወይም ሽንቱን እየተቆጣጠረ ዓይነ ምድሩን ግን በልብሱ ላይ ሊለቅ ይችላል።

በሳይንስ ፋኩልቲ መጽሔት ላይ ስለ ሽንትና ስለ ዓይነ ምድር መጻፋችን ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ሊመስል እንደሚችል እናውቃለን። እኛ ግን ለጉዳዩ ከዚህ የተሻለ ቦታ አለ ብለን አናምንም። ይሉኝታ ነገሩን ከውይይት ስላስወጣው ቦታውን ግምት ይዞታል። ግምቱም ብዙውን ጊዜ በሁለት መንገድ ይሄዳል፤ አንደኛው ልጁን «ስድ አደግ»፣ እናቱንም «ያላረመችው» እያለ ይወቅሳል፤ ሁለተኛው ነገሩን በእርግማን ወይም በክፉ መንፈስ ያመካኛል። ሁለቱም የልጁን አንጀትና ነርቭ አይመለከቱም። እኛ ልንመለከት የምንወደው በዚያ በኩል ነው።

ለመሆኑ «ሽንት መናገር» ምን ምን ይጠይቃል? ፊኛ ሲሞላ በግድግዳው ውስጥ የሚገኙ መለጠጥን የሚያውቁ የነርቭ ጫፎች ምልክት ይልካሉ። ምልክቱ ወደ ኅብለ ሰረሰር የታችኛው ክፍል፣ ከዚያም ወደ አንጎል ግንድ ይደርሳል። በጨቅላ ሕፃን ይህ ሁሉ ያለ ፈቃድ የሚፈጸም ነው፤ ፊኛው ሲሞላ ይፈስሳል። ልጁ ሲያድግ የፊተኛው የአንጎል ክፍል በነገሩ ላይ ሥልጣን እያገኘ «አሁን አይደለም፤ ቆይ» ማለት ይጀምራል። ይህም ብቻውን አይበቃም። ልጁ የተሰማውን ነገር ከረኃብና ከሆድ ቁርጠት መለየት፣ የያዘውን ጨዋታ ማቋረጥ፣ መጸዳጃው ወዳለበት መሄድ፣ ሱሪውን ማውረድ፣ አጥብቆ የያዘውን ጡንቻ መልቀቅ፣ በዚያ ላይ ደግሞ ፍላጎቱን ለሌላ ሰው ማስታወቅ ይኖርበታል። «ይናገራል?» ብለን ስንጠይቅ የምንመዝነው ይህችን የመጨረሻዋን ብቻ ነው። እርሷም ብትሆን ቋንቋን ትጠይቃለች፤ ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች መካከል ደግሞ በአፋቸው የማይናገሩ ወይም ጥቂት ቃላት ብቻ ያሏቸው አሉ።

እንግሊዛዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ቻርልስ ሼሪንግተን እ.ኤ.አ. በ1906 ባሳተመው መጽሐፍ ከውጭው ዓለም የሚመጡትን ስሜቶች ከሰውነት ውስጥ ከሚመነጩት ለይቶ ስም ሰጥቷቸው ነበር። ስለ ኦቲዝም ስንነጋገር ይህ ልዩነት ይጠቅመናል። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ሰዎች የውስጡ ስሜት እጅግ ደብዝዞ፣ ወይም በተቃራኒው እጅግ ጎልቶ እንደሚሰማቸው ይገልጻሉ። የፊኛው መልእክት የማይሰማው ልጅ የሚያውቀው ሱሪው ከረጠበ በኋላ ነው፤ አንዳንዴም ያን ጊዜ እንኳ ላያውቅ ይችላል። እንዲህ ያለውን ልጅ «ለምን ቀድመህ አልተናገርክም?» ብሎ መግረፍ ያላየውን ነገር ለምን አልነገርከንም ብሎ እንደ መክሰስ ነው።

የውጭው ስሜት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የጉድጓድ ሽንት ቤትን እናስብ፦ ጨለማው፣ ሽታው፣ የዝንቡ ድምፅ፣ ከእግር በታች የሚታየው ጥቁር ቀዳዳ፣ የቆርቆሮው በር ሲዘጋ የሚያሰማው ጩኸት። አብዛኞቻችን አፍንጫችንን ይዘን ፈጥነን እንወጣለን። ሽታና ድምፅ እጥፍ ሆኖ ለሚሰማው ልጅ ግን እዚያ ገብቶ ቁጢጥ በል መባል ቀላል ትእዛዝ አይደለም። ባለ ውኃው መጸዳጃም ቢሆን ከዚህ ነጻ አይደለም፤ ውኃው ሲለቀቅ ጆሮውን ይዞ የሚሸሽ ልጅ አለ፤ ከሰውነቱ የወጣው ነገር ተጠራርጎ ሲጠፋ የሚደነግጥም አለ። ዳይፐር በአንጻሩ ሁልጊዜ ያው ነው፤ ሙቀቱም ጥብቀቱም የታወቀ ነው። ከዚህ የተነሣ አንዳንድ ልጅ ዳይፐር እስኪታሰርለት ድረስ ዓይነ ምድሩን ይዞ ይጠብቃል። ይህን እልኸኝነት ብሎ መጥራት ስሕተት ነው እንላለን።

በዚህ ሁሉ ላይ የአማርኛችን ጨዋነት ይታከልበታል። ተማሪ መምህሩን «ውጭ ልውጣ?» ብሎ ያስፈቅዳል፤ እንግዳም «ነፋስ ልቀበል» ብሎ ከመቀመጫው ይነሣል። ቃልን እንደ ቃልነቱ ለሚወስድ ልጅ ግን «ውጭ ትወጣለህ?» ማለት ግቢ ወርዶ መጫወት ማለት ነው፤ ወጥቶ ተጫውቶ ሲመለስ ቢያረጥብ ማን ነው ያልገባው? አያት አንድ ስም፣ እናት ሌላ ስም፣ የቤት ሠራተኛዋ ደግሞ ሦስተኛ ስም ሲሰጡት ነገሩ ጨርሶ ይጠፋበታል። አንድ ግልጽ ቃል ወይም አንድ ሥዕል መርጦ የቤቱ ሰው ሁሉ በዚያ ብቻ ቢጠቀም፣ ጨዋነትን ትንሽ ቢነካም፣ ለልጁ ትልቅ ዕርዳታ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን አንባቢያችን እንዲያስተውልልን የምንፈልገው የሆድ ድርቀትን ነው። ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ የሆድ ድርቀት ከሌሎች ልጆች ይልቅ በብዛት ይታያል። ከምክንያቶቹ አንዱ ምግብ ነው፤ ብዙዎቹ የሚበሉት ጥቂት ዓይነት ብቻ ነው፤ ዳቦና ማካሮኒ እየበላ ጎመንና ምስር ወደ አፉ የማያስገባ ልጅ ብርቅ አይደለም። ዓይነ ምድር በትልቁ አንጀት ውስጥ በቆየ ቁጥር ውኃው እየተመጠጠ ይደርቃል። የደረቀው ሲወጣ ያማል። ያመመው ልጅ በሚቀጥለው ቀን ይይዘዋል፤ የያዘውም ይብስ ይደርቃል። ሳምንታት ሲያልፉ የአንጀቱ የመጨረሻ ክፍል እየተለጠጠ ይሰፋል፤ የተለጠጠው ግድግዳም «ሞልቻለሁ» የሚለውን መልእክት በወጉ መላክ ያቆማል። ከዚያ በኋላ ከላይ የሚመጣው ቀጭን ዓይነ ምድር በደረቁ ዙሪያ እየሾለከ ልጁ ሳያውቀው ልብሱን ያቆሽሻል።

እናት የምታየው ታዲያ ምንድን ነው? ቀኑን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ የሚቆሽሽ ሱሪ ነው። «ተቅማጥ ይዞታል» ብላ ተቅማጥ የሚያስቆም ነገር ብትሰጠው ድርቀቱን ታብሰዋለች። የሞላው አንጀት ፊኛውን ስለሚጫነውም ልጁ ሽንቱን ቶሎ ቶሎ ያመልጠዋል፤ ይህን ያየ ሰው ውኃ ቢከለክለው ዓይነ ምድሩ ይብሱን ይጠጥራል። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለን ልጅ በሽልማትም ሆነ በቁጣ ማሠልጠን አይቻልም፤ መጀመሪያ አንጀቱ በሐኪም መታየት አለበት። ሕክምናው ብዙውን ጊዜ የተጠራቀመውን ማስወጣትና ከዚያም ዓይነ ምድርን የሚያለሰልስ መድኃኒት ለወራት መስጠት ነው፤ የተለጠጠ አንጀት ወደ ቀድሞ ስፋቱና ስሜቱ የሚመለሰው ቀስ እያለ ነውና። በአንድ ሳምንት ለውጥ አይተው መድኃኒቱን የሚያቋርጡ ቤተሰቦች ወደ መጀመሪያው ችግር ቢመለሱ አያስደንቅም። ልጁ የሚወስደው ሌላ መድኃኒት ካለም ሐኪሙ ማወቅ አለበት፤ ለምሳሌ ለቁጡነት የሚታዘዘው ሪስፐሪዶን የሆድ ድርቀትንም ሽንት ማምለጥንም ሊያስከትል ይችላል።

አንጀቱ ከተስተካከለ በኋላ ፊዚዮሎጂ ራሱ አጋዥ ይሆናል። ሆድ ምግብ ሲቀበል ትልቁ አንጀት መኮማተር ይጀምራል፤ በመሆኑም ከቁርስ ወይም ከምሳ በኋላ ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ልጁን ለጥቂት ደቂቃ ማስቀመጥ በዘፈቀደ ከማስቀመጥ ይሻላል። ቁጢጥ ማለት አንጀቱን ቀና ስለሚያደርገው የእኛ የቆየ አቀማመጥ ከሥነ አካል አንጻር የሚናቅ አይደለም፤ በከፍተኛ መጸዳጃ ላይ እግሩ ተንጠልጥሎ የሚቀመጥ ልጅ ግን ማማጥ ይቸግረዋል፤ ከእግሩ ሥር አንዲት ዱካ ቢደረግለት ጉልበቱ ከፍ ይልለታል።

በነገራችን ላይ ችግሩ የጥቂት ቤቶች ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ለትምህርት ቤት ያልደረሱ ሕፃናትን አነጻጽሮ ነበር፤ መጸዳጃን እምቢ ማለት ከአጠቃላዩ ሕዝብ ልጆች ከአሥሩ በአንዱ እንኳ ሳይሞላ፣ ኦቲዝም ካለባቸው ግን በግማሽ ያህሉ ታይቷል። ግማሽ ያህሉ እናቶች በአንድ ጊዜ ልጅ ማሳደግ አቃታቸው ልንል ነው?

እንዲህ ያለውን ነገር የተናገሩ ሊቃውንት ግን ነበሩ። ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ አሥራ አንድ ልጆች ጽፎ ኦቲዝምን ለሕክምናው ዓለም ካስተዋወቀ በኋላ፣ የእናት ፍቅር ማነስ ኦቲዝምን ያመጣል የሚል አስተሳሰብ ለሁለት ዐሥርት ዓመታትና ከዚያም በላይ ገኖ ቆይቷል። ብሩኖ ቤተልሃይም እ.ኤ.አ. በ1967 ይህንኑ በመጽሐፍ አስፋፋው። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1964፣ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት የሆነው በርናርድ ሪምላንድ ምክንያቱ ከነርቭ ሥርዓት መፈለግ እንዳለበት በማስረጃ ተከራክሮ ነበር። ዛሬ ሳይንስ የቆመው ከሪምላንድ ወገን ነው። የእኛ ሰፈር ወቀሳ ግን፣ ቤተልሃይምን ሳያነብ፣ ገና እሱ ያለበት ቦታ ላይ ነው።

ሥልጠና አይጠቅምም ማለታችን አይደለም። ናታን አዝሪንና ሪቻርድ ፎክስ እ.ኤ.አ. በ1971 በኢሊኖይ ግዛት በሚገኝ የመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸውን አዋቂዎች በጥቂት ቀናት አሠልጥነው ማሳየታቸው «አይችሉም» ይባል የነበረውን እምነት አናግቷል። ዘዴያቸው ብዙ ፈሳሽ ማጠጣትን፣ ቶሎ ቶሎ ማስቀመጥን፣ እርጥበት ሲነካው የሚጮኽ መሣሪያንና ፈጣን ሽልማትን የያዘ ነበር። ይሁን እንጂ ያረጠበው ሰው ልብሱንና ወለሉን እንዲያጥብ ማስገደድም ነበረበት። እኛ የመጀመሪያውን ወስደን ሁለተኛውን ብንተወው እንመርጣለን፤ መጸዳጃን ለሚፈራ ልጅ ቅጣት ሌላ የሚፈራው ነገር ይጨምርለታል።

ወደ ትምህርት ቤቱ በር እንመለስ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የመሠረቱት ለልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት በማጣታቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት በአዲስ አበባ የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች የተጠየቁ 102 የእድገት እክል ያለባቸው ልጆች አሳዳጊዎች ከሁሉ በላይ ያነሡት ያልተሟላ ፍላጎት ትምህርት ነበር። አገራችን ደግሞ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች፤ ስምምነቱ ማንም ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ከትምህርት እንዳይገለል ያዝዛል። ሽንቱን መቆጣጠር ያልቻለው በኦቲዝሙ ምክንያት የሆነን ልጅ «ሲናገር አምጡት» ብሎ መመለስ፣ በእኛ አስተያየት፣ በጉዳቱ ምክንያት ማግለል ነው፤ ሌላ ስም ልናወጣለት አንችልም። ልጁ የተመለሰበት ቤት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሥራዋን የምትተው እናት ናት። ለትልቅ ልጅ የሚሆን ዳይፐር ዋጋም የሚከፈለው በዚያው በቀነሰው ገቢ ነው።

ትምህርት ቤቶች የሰው ኃይል የለንም እንደሚሉ እንሰማለን። እውነት አለው፤ አንዲት መምህርት አርባ ሕፃናት ይዛ የአንዱን ልብስ መቀየር አትችልም፤ ረዳት ያስፈልጋታል፤ ረዳትም ደመወዝ ይፈልጋል። ነገር ግን በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን የመጸዳጃው በር አይዘጋም፤ ውኃም አይደርስበትም፤ በእረፍት ሰዓት ሰልፉና ጫጫታው አያድርስ ነው። እዚያ መግባት ያቃታቸው ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ብቻ አይደሉም፤ ቤታቸው እስኪደርሱ ይዘው የሚውሉ ጤነኛ ተማሪዎችን ሁላችንም እናውቃለን፤ ከአንባቢዎቻችንም መካከል ሳይኖሩ አይቀሩም።

ለጅምር ያህል የምዝገባውን ቅጽ መቀየር ገንዘብ አይጠይቅም። «ሽንቱን ይናገራል?» የሚለው ተሰርዞ በቦታው «ሽንት ሲመጣበት በምን ያስታውቃል? ምን ያስፈራዋል? ዓይነ ምድር ከወጣ ስንት ቀን ይሆነዋል?» ተብሎ ይጻፍ፤ ከሥሩም የልጁ እናት በእጇ የምትሞላው ሰፋ ያለ ባዶ ቦታ ይተው።