ለተማሪዎቼ ሳላስተምር የቀረሁት አራት ቁጥር

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ የመኪናውን ፎቶ በውስጥ መስመር ላከልኝ። አሮጌ ሃይሉክስ ናት፤ ግን አራት ወፋፍራም ኦል ቴሬይን ጎማ ተጫምታ ደረቷን ነፍታ ቆማለች። ከሥሩ «ቲቸር፣ እንዴት ናት? ከእንግዲህ የትም አልቆምም አይደል?» ይላል። «ታምራለች። እስቲ ግን ጎማው ጎን ላይ ያሉትን ቁጥሮች አንስተህ ላክልኝ» አልኩት። 265/70 አር 16 የሚለውን ላከ። «እሱን አይደለም፤ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች» አልኩት። ከብዙ ፍለጋ በኋላ ላከልኝ፦ 3518።

«ቲቸር፣ የዘንድሮ ነው! ሻጩም 2018 ነው ብሎኛል» አለኝ ደስ ብሎት።

የማን 2018? ጎማ ላይ የሚታተመው የፈረንጆቹ ዘመን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። 3518 ማለት በፈረንጆች 2018፣ 35ኛው ሳምንት ላይ የተሠራ ማለት ነው። በእኛ ነሐሴ 2010 መሆኑ ነው። ልጁ «የዘንድሮ» ብሎ የገዛው ጎማ ከፋብሪካ ከወጣ ከሰባት ዓመት በላይ ሆኖታል። ሻጩ አውቆ ይዋሽ ወይም እሱም እንደ ልጁ ይሳሳት፣ እኔ አላውቅም። ገንዘቡ ግን ሄዷል።

ልቆጣው ፈልጌ ነበር። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ ይህን ልጅ አውቶ መካኒክ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። 11 ዓመት ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስለ ጎማ ስጽፍ ኖሬያለሁ። የጥርስ ጥልቀት ከ1.6 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ይቀየራል፣ ጎማ በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ይዘዋወራል፣ አላይመንት የተበላሸበት መኪና ጎማውን በአንድ ጎን ይበላል፤ ይህን ሁሉ አስተምሬያለሁ፣ ፈትኛለሁ፣ ያልመለሰውን ጥያለሁ። ስለነዚያ አራት ቁጥሮች ግን አንድ ቀን እንኳ አላወራሁም። እኔም ከቁም ነገር አልቆጠርኳቸውም ነበር።

የተማርኩት ግንቦት 2009 ዓ.ም. አፋር መንገድ ላይ ነው።

ማስተማሩን ትቼ ለአንድ የእርዳታ ድርጅት የመስክ መኪናዎችን መንዳትና መቆጣጠር ከጀመርኩ ሰባት ዓመት ሆኖኝ ነበር። በሃርድቶፕ ሆነን ከአዋሽ አልፈን ወደ ገዋኔ ስንሄድ የኋላ ቀኝ ጎማችን ተነፈሰ። ሚስማር ነው። ወረድኩ፣ ክሪክ አስገባሁ፣ ስኮርታውን አውርጄ ቀየርኩ። ስኮርታው አንድም ቀን መሬት ያልነካ ኦል ቴሬይን ነበር፤ አዲስ ጎማ ላይ የምታዩት ያ ፀጉር መሳይ ነገር እንኳ አልረገፈም። እንዲያውም «ከሌሎቹ ሁሉ ይሄ ይሻላል» ብዬ ነበር። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድን ፈነዳ። ፍጥነታችን 90 ገደማ ነበር። መኪናዋ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ አለችና ከአስፋልቱ ወጥታ በጎኗ ተኛች።

እኔ ተቧጭሬ ተረፍኩ። ከኋላ የተቀመጠችው ባልደረባችን ግን ትከሻዋ ተሰበረ። ነርስ ናት። እስከ ዛሬ ግራ እጇን ከትከሻዋ በላይ ማንሳት አትችልም። ሆስፒታል ሄጄ ስጠይቃት መጀመሪያ ያለችኝ ነገር «ጋሼ፣ ጎማው አዲስ አልነበረም እንዴ?» ነው።

መልስ አልነበረኝም። በኋላ የተበጣጠሰውን ጎማ አገላብጬ ሳየው 2106 ይላል። የፈረንጆች 2006፣ 21ኛ ሳምንት፤ በእኛ ግንቦት 1998። ልክ 11 ዓመቱ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት የኋላ በር ላይ ተንጠልጥሎ ፀሐይ ሲቀቅለው ኖሯል። በየወሩ በሚሞላው የፍተሻ ቅጽ ላይ «ስኮርታ ጎማ፦ ጥሩ» ብዬ የፈረምኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ጥርሱን አይቼ።

ስለዚህ ዜና ላይ «ጎማ ፈንድቶ» ሲባል በሰማሁ ቁጥር ሆዴ ይረበሻል። እንደ መብረቅ ነው የምናወራው፤ ከሰማይ እንደወረደ፣ ማንም ሊያስቆመው እንደማይችል። በእርግጥ ስለት ድንጋይ ወይም የተቆረጠ ብረት በአንዴ ጎማ ሊቀድ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጎማው ከመፈንዳቱ በፊት ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሲጎዳ ቆይቷል።

ላስረዳ። ጎማ ላስቲክ ብቻ አይደለም፤ ከጥርሱ ሥር የብረት ሽቦ ንጣፎች አሉት። አየር፣ ሙቀትና ፀሐይ ላስቲኩን ቀስ በቀስ ያደርቁታል፣ ከሽቦው ጋር የያዘውም ይላላል። ይህ ደግሞ መኪናው ቆሞም ይሠራል። እንዲያውም ላስቲኩን ከመሰንጠቅ የሚከላከለው ሰም መሳይ ነገር ወደ ላይ የሚወጣው ጎማው ሲሽከረከርና ሲተጣጠፍ ስለሆነ፣ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጎማ የባሰ ይሰነጠቃል። ከዚያ አንድ ቀን ሞቃት አስፋልት፣ ሙሉ ጭነትና ፍጥነት ይገናኛሉ። ጥርሱ ከነቆዳው ተላጦ ይሄዳል።

ነፋስ ያነሰው ጎማም እንዲሁ ነው። በዞረ ቁጥር ጎኑ ይተጣጠፋል፣ መተጣጠፉ ሙቀት ይፈጥራል፣ ሙቀቱ ይጠራቀማል። ዓይን አያየውም። ከውጭ ጥርሱ ሙሉ፣ ወፍራም፣ ቆንጆ ጎማ ነው።

አሁን ወደ ተማሪዬ ጥያቄ ልመለስ፦ «የትም አልቆምም አይደል?»

ኦል ቴሬይንን አልጠላም፤ በ14 የመስክ ዓመታት አራት ሙሉ ሴት ጨርሻለሁ። ከጎባ ተነስቶ ከ4,000 ሜትር በላይ ያለውን ሳነቲን አቋርጦ ወደ ደሎ መና በሚወርደው የጠጠር መንገድ፣ ከደባርቅ ወደ ሳንካበር በሚያወጣው ኮረኮንች፣ ከኮንሶ ወዲያ ባለው ደረቅ አሸዋ ላይ ባለውለታዬ ነው። በተራ የአስፋልት ጎማ በአንድ ጉዞ ሦስቴ ጎሚስታ ቤት የተቀመጥኩበትን መንገድ፣ በኦል ቴሬይን አንዴም ሳልወርድ ተመላልሻለሁ። ጎኑ ጠንካራ ነው፣ ጥርሱ ድንጋይ ይችላል።

ግን ዋጋ አለው። ከባድ ነው፣ ነዳጅ ይበላል፣ አስፋልት ላይ ይጮሃል። ዝናብ በመታው አስፋልት ላይ በአብዛኛው ከአስፋልት ጎማ ዘግይቶ ነው የሚቆመው። ዋልካ ላይ ደግሞ ብዙ አትመኑት። ጭቃው ጥርሱ መሃል ገብቶ ሲሞላው ሊሾ ከሆነ ጎማ አይለይም። ክረምት ላይ ጎጃም ውስጥ ሁለት ሰዓት ያህል ስንገፋ፣ ስንቆፍር፣ ድንጋይ ስናነጥፍ ቆይተን፣ በመጨረሻ ያወጣን ፀሐይ ነው። ወጣችና መሬቱን ጠበስ አደረገችልን፤ ሄድን።

አሸዋ ላይ የሚያሳልፈው ደግሞ ከጥርሱ ይልቅ ነፋሱ ነው። ጎማውን እስከ 18 ፒኤስአይ ድረስ አስተንፍሱት፤ ረዘም ብሎ ይተኛና መኪናዋ ትንሳፈፋለች። ጠጠር ላይ እኔ ከ36 ወደ 28 አወርዳለሁ፣ ፍጥነቴንም አብሬ እቀንሳለሁ። ግን አስፋልት ላይ እንደወጣችሁ ወዲያው መልሳችሁ ሙሉ። መልሶ መሙያ ሳይዙ ማስተንፈስ ገደል አፋፍ ላይ እንደመተኛት ነው።

«ቲቸር፣ አንተ ይቀልሃል፤ የጎማ ዋጋ ስንት እንደገባ ታውቃለህ?» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አውቃለሁ። እኔም ከዚያው ገበያ ነው የምገዛው። ለዚህ ነው እንዲህ የምለው፦ መኪናችሁ ከቦሌ ሜክሲኮ፣ ሲርቅ ደግሞ አዳማ በፈጣን መንገድ ከሆነ የምትሄደው፣ ኦል ቴሬይን ለፎቶ ነው። ሰባት ዓመት መጋዘን ከተኛ ኦል ቴሬይን፣ በቅርብ የተሠራ ተራ የአስፋልት ጎማ ይሻላችኋል። ብዙ ጊዜም ይረክሳል።

ሌላም የምሰማው አለ፦ «እኛ አገር ጎማ ሳያረጅ ነው የሚያልቀው።» ለታክሲውና ለጭነት መኪናው ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ግቢ ውስጥ ቆሞ ለሚውለው የፕሮጀክት መኪና፣ እሁድ እሁድ ብቻ ለሚወጣው የቤት መኪና፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለስኮርታ ጎማ አይሠራም። እኛን የገለበጠን ጎማ ጥርሱ አላለቀም ነበር።

ስለዚህ ያኔ ያላስተማርኳችሁን ዛሬ ልክፈል።

ጎማ ስትገዙ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት አራቱን ቁጥሮች አንብቡ። የፈረንጅ ዘመን መሆኑን አትርሱ። አንዳንድ ጎማ ላይ ቀኑ በአንድ ጎን ብቻ ነው የሚታተመው፤ ካጣችሁት ወደ ውስጥ ዞሮ ይሆናልና አጎንብሳችሁ ፈልጉ። አምስት ዓመት ካለፈው በየዓመቱ ለሚያውቅ ሰው አሳዩት። አንዳንድ የመኪና አምራቾች በስድስት ዓመት ቀይሩ ይላሉ፤ ብዙ የጎማ አምራቾች ደግሞ ጥርሱ ምንም ያህል ቢኖር ከ10 ዓመት አይለፍ ይላሉ። ስኮርታውንም ጨምሮ ነው።

ከመጠኑ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዩ። 112 ካለ አንዱ ጎማ የሚችለው 1,120 ኪሎ ነው፤ 121 ካለ 1,450። ከፋብሪካው ከታዘዘው ያነሰ አትግጠሙ።

ነፋስ የሚለካው ማለዳ፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። ልኩ የሾፌሩ በር አጠገብ ተለጥፏል፤ «ለሁሉም 35» የሚላችሁን ጎሚስታ አመስግናችሁ ልኩን አሳዩት። ቆላ ወርዳችሁ ስትለኩት ጨምሮ ብታገኙት አትደንግጡ፤ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 2 ፒኤስአይ ገደማ ይጨምራል። ያንን አስተንፍሳችሁ ከተጓዛችሁ ማታ ሲበርድ ያነሰው ጎማ ይጠብቃችኋል።

ሁለት አዲስ ጎማ ብቻ ከገዛችሁ ከኋላ ግጠሙ። ከፈነዳባችሁ ደግሞ ፍሬን አትርገጡ፤ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ እግራችሁን ከነዳጁ ላይ ቀስ ብላችሁ አንሱ፣ መኪናው ራሱ ይቀንስ። እኔ ያን ቀን ፍሬን ረግጫለሁ። ስንት ዓመት ያስተማርኩት ሰውዬ።

ተማሪዬ ጎማዎቹን ወደ ሱቁ ይዞ ሄዷል። መልሰው ይቀበሉት አይቀበሉት ገና አልታወቀም። ካልተቀበሉት «በዚህ ቤተሰቤን ይዤ ክፍለ ሀገር አልወጣም» ብሎኛል። በዚህ ኮርቼበታለሁ።

ያቺን ነርስ በየበዓሉ እደውልላታለሁ። ስለ ጎማው ዳግም አንስታብኝ አታውቅም። ጥያቄዋን ግን ዘንድሮም ልመልስላት እወዳለሁ፦ አዲስ አልነበረም፤ አዲስ ይመስል ነበር። ልዩነቱን ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

አሁን ስልካችሁን ያዙና ወደ መኪናችሁ ውጡ። ከስኮርታው ጀምሩ። ያገኛችኋቸውን አራት ቁጥሮች ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ አንድ በአንድ አይቼ እመልሳለሁ። ሾፌር የሆነ ወንድም ወይም አባት ያላችሁ ደግሞ ይህን አንብቡለት።