ማን ቀድሞ ተኮሰ?

ባለፈው ቅዳሜ ሰሚት ኮንዶሚኒየም አጠገብ ካለች አንዲት ካፌ ተቀምጬ ሳለ፣ ሁለት ሽበታም አዛውንቶች ሃምሳ ዓመት ግድም ያስቆጠረውን ጠብ እንደ ትናንት ሲያነሱት ሰማሁ። አንደኛው “ቀድሞ የተኮሰው ኢሕአፓ ነው” ይላሉ። ሌላኛው “ከደርግ ጎን ቆሞ ያስፈጀን መኢሶን ነው” ብለው ይመልሳሉ። እኔ ግን እጠይቃለሁ፦ ለመሆኑ ያጣላችሁ ምን ነበር?

መኢሶን በ1960 ዓ.ም. ሐምቡርግ ላይ ተመሠረተ። ኢሕአፓን የወለደው ድርጅት ደግሞ በ1964 ዓ.ም. በርሊን ላይ። ሁለቱም ማርክሲስት ሌኒኒስቶች፣ ሁለቱም “መሬት ላራሹ” ያለው የተማሪ ንቅናቄ ልጆች ነበሩ። የለያያቸው በወታደሩ ላይ የያዙት አቋም ነው፦ ኢሕአፓ “ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት” ሲል፣ መኢሶን ለደርግ “ሂሳዊ ድጋፍ” ሰጠ። በዚህ ሳቢያ አንዱ “ባንዳ”፣ ሌላው “አናርኪስት” ተባለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም!

ከዚያስ? መስከረም 1969 ዓ.ም. የመኢሶኑ ፍቅሬ መርዕድ በጥይት ተገደለ። በዚያው ዓመት መጋቢት፣ በአዲስ አበባው አሰሳ የኢሕአፓው ተስፋዬ ደበሳይ ሞተ። ነሐሴ ላይ መኢሶንም ከደርግ ሸሽቶ ኅቡዕ ገባ፤ ኃይሌ ፊዳ ተይዞ ከእስር በሕይወት አልወጣም። በመጨረሻ፣ መስከረም 1977 ዓ.ም. የሠራተኛውን ፓርቲ ያቋቋመው ማን ሆነ? ወታደሩ!

ደርግን ከደሙ ነጻ ላወጣ አይደለም፤ የቀይ ሽብሩ ዋና ባለዕዳ እርሱ ነው። ነገር ግን አንዱ በስሙ “የኢትዮጵያ ሕዝብ”፣ ሌላው “የመላ ኢትዮጵያ” ያሉት ሁለት ትንንሽ ድርጅቶች፣ ያን ሕዝብ አንድ ቀን እንኳ በድምፁ ሳያስመርጡ በስሙ ተገዳደሉ። “ሕዝቡ እኛ ነን” ያለ ቡድን ተቃዋሚውን የሕዝብ ጠላት ከማለት አይመለስም። ይህ በሽታ ከማርክሲዝም ጋር አልተቀበረም፤ ዛሬ “ሕዝብ” በሚለው ቦታ “ብሔሬ” ተተክቶ እንደገና ይነበባል።

የእናቴ ታናሽ ወንድም በ1969 ዓ.ም. ከቤት እንደወጣ ቀረ። በማን ጥይት እንደወደቀ አናውቅም፤ መቃብሩንም አላየንም። እናቴ አንድም ቀን “ማን ቀድሞ ተኮሰ?” ብላ አልጠየቀችም። የምትጠይቀው “የት ቀበሩት?” ብላ ነው።

ስለዚህ እናንት የ“ያ ትውልድ” አባቶች ሆይ፣ ክሱን ጽፋችሁልናል፤ አንብበናል። አሁን የቀራችሁን አንዲት ዓረፍተ ነገር ሳትሞቱ ጻፉልን፦ “እኛም ገድለናል።”